ድንኳኑን የተሸከመው አንቴና

አጎቴ ወጣት ሳሉ በረዶ አገር ተምረው፣ የሰሜኑን ሰማይ አረንጓዴ በሚያደርገው ብርሃን ውስጥ ያሉትን ሞገዶች በሮኬት ያጠኑ ነበር። ሮኬቱ ለጥቂት ደቂቃ ወጥቶ፣ የለካውን በራዲዮ ልኮ ይወድቃል። ጉለሌ ከተመለሱም በኋላ ጓሯቸው ውስጥ አንቴና ተክለው በየማለዳው የሰማዩን ድምፅ ያዳምጡ ነበር። ያኔ ያወራ ሰው ወዮለት! «ዝም በሉ! ካመለጠ አይደገምም!» ይሉናል።

ባለፈው ሳምንት አረፉ። ከቀብር ስንመለስ የዕድሩ ድንኳን ምሰሶ ጎድሎት ኖሮ፣ የዕድሩ ሰዎች የአጎቴን አንቴና ነቅለው ምሰሶ አድርገውታል።

«ምን አለበት? ብረት ነው» አለኝ የገዛ ልጃቸው።

ብረት! ለቀስተኞቹ ሦስት ቀን ሙሉ እሥሩ ተቀምጠው ካርታ ሲጫወቱ፣ ስለ ቤት ኪራይ ሲጨቃጨቁ ከረሙ። ዛሬ ድንኳኑ ተነሣና ጓሮው ጭር አለ። ዝም ያሉላቸው አሁን ነው፤ የሚያዳምጠው ሰው ከሄደ በኋላ!