የሃያ ሕንፃ ኢንጂነር አባት

አንድ ልጅ ሲወለድ ሁለት ነገር ነው የሚወለደው፤ ልጁ ራሱና አባቱ ስለ ልጁ የሚያወራው ወሬ። ልጁ ወተት ይፈልጋል፣ ይታመማል፣ ጫማ ይጨርሳል፣ ሲያድግ ደግሞ ኩርፊያ ይማራል። ወሬው ግን ምንም አያስወጣም። አይታመም፣ አይወድቅ፣ መልስ አይሰጥ። ዕድሜው የገፋ አባት ከሁለቱ የትኛውን አብልጦ እንደሚወድ ቢጠየቅ መልሱን የምታውቀው እናትየዋ ብቻ ናት።

ልብስ ሰፊው እንዲህ ካሉት አባቶች አንዱ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ወገብ ሲለካ ኖሯል። የሹሙንም የነጋዴውንም ቦርጭ በሜትር እየከበበ፣ አጎንብሶ፣ መርፌ በከንፈሩ ነክሶ «እንዴት ያለ ቁመና ነው ጌታዬ!» ይል ነበር፤ መዋሸትን የለመደውም ያኔ ነው። ከዚያ ሁሉ ማጎንበስ በኋላ አንድ ነገር ወሰነ። ልጆቹ ልብስ የሚሰፋላቸው እንጂ የሚሰፉ አይሆኑም።

ሴቷ ልጁ አላሳፈረችውም። ፋርማሲ ተምራ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች፤ እሱም በዚያው ሳምንት «ዶክተር» ብሎ ሾማት።

«አባባ፣ እኔ'ኮ መድኃኒት ነው የምሸጠው» ብትለው፣

«ሐኪሙ የሚሞነጫጭረውን የምታነቢው ማን ሆነሽ ነው? ያንን ማንበብ ከመጻፍ ይከብዳል» አላት።

ጎረቤቱም አምኖት ቁስሉንና እብጠቱን በየደጁ እየገለጠ ያሳያት ጀመር። እሷም ሰፈሩን በሩጫ መግባት፣ በሩጫ መውጣት ለመደች።

ወንዱ ልጅ ምህንድስና ገባ። ገና በመጀመሪያው ዓመት አባትየው ካለው ጨርቅ ሁሉ ምርጡን አውጥቶ የምረቃ ሱፍ ሰፋለት። ሌላ አባት ቢሆን ይጠብቃል፣ ይጸልያል፤ እሱ ግን ሙያው ነውና ለካና ቆረጠ። ልጁ እስኪመረቅ ትከሻው ይሰፋል ብሎ ትርፍ ጨርቅ ሳይቀር ተወለት። ትከሻውስ ሰፋ፤ ልጁ ግን በሦስተኛው ዓመት ትምህርቱን ጥሎ ወጣ። ሱፉ ብቻውን ቁም ሳጥን ውስጥ ተመረቀ።

«ምን እንዲህ ያንገበግብሃል?» አለችው እናትየዋ፣ ሱፉን ብል እንዳይበላው ፀሐይ ላይ እያሰጣች። «ልጁ ነው የወደቀው፣ ጨርቁ እንደሆነ ደኅና ነው።»

ልጁ የሊፍት ጥገና ተማረ፤ ወደደውም። ማታ ሲገባ እጁ ቅባት በቅባት፣ ፊቱ ግን ብርሃን ነበር። ልብስ ሰፊው ቅባቱን ብቻ አየ። ደንብም አወጣ፤ ልጁ ጠዋት በኮትና ክራቫት ይወጣል፣ ቱታውን በቦርሳ ይይዛል፣ የሚለብሰውም ሥራው ቦታ ሲደርስ ነው። ልጁ ጥቂት ጊዜ እንደተባለው አደረገ። ሰፈሩን ኢንጂነር ሆኖ ይለቅና ሥራው ቦታ ቴክኒሻን ሆኖ ይደርሳል። አንድ ማታ ግን በቱታው መጣ።

«ሰው አየህ?» አለ አባትየው በሩን እየዘጋ።

«አየኝ። ሰላም አለኝ፤ ሰላም አልኩት።»

«ልትገድለኝ ነው አይደል?»

«አባባ፣ ስማኝ። እዚህ ቤት ውስጥ የፈለግከውን በለኝ። ሰው ፊት የካድከኝ ዕለት ግን እግሬ ይህን ቤት አይረግጥም። ቀልድ እንዳይመስልህ።»

ከዚያ አንድ ክፍል ተከራይቶ ወጣ። እሁድ እሁድ ምሳ ሊበላ ይመጣል። ልብስ ሰፊው ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያንን ምሳ ነው። በር ሲንኳኳ ከሁሉ ቀድሞ ዘሎ የሚነሳው እሱ ነው፤ ከፍቶም የሚለው «ደግሞ መጣህ?» ነው። ፍቅሩን እንዲህ ገልብጦ የሚለብስ ሰው ነበር፤ ስፌቱ በውጭ፣ መልኩ በውስጥ።

ሻይ ቤት ግን ሌላ ልጅ ነበረው። እዚያ በየቀኑ የሚገናኘው የቀድሞ ደንበኛው ጡረተኛው ዳኛ ነው። ሠላሳ ዓመት ሱፍ ሰፍቶለታል፤ ሠላሳ ዓመት ዳኛው «አንተ» ይለዋል፣ እሱ «እርስዎ» ይላል፤ ይህንንም ሁለቱም ወዳጅነት ይሉታል። የዳኛው ልጅ ቀዶ ሐኪም ነው፣ ያውም እውነተኛ።

«ያንተስ ልጅ የት ደረሰ?» ያለው ዕለት፣

«ሕንፃ ይቆጣጠራል፤ ኢንጂነር ነው» አለ ልብስ ሰፊው። ውሸቷ ስትወለድ ትንሽ ነበረች። ዳኛው ስለ ልጁ አንድ ነገር ባወራ ቁጥር ግን አንድ ሁለት ሕንፃ ይጨመርባታል። ቀዶ ሐኪሙ መኪና የቀየረ ሰሞን ኢንጂነሩ መንደር የሚያህል ሕንፃ ያዘ። እውነተኛው ልጅ የትኛው ሕንፃ ላይ እንደሚሠራ ግን አባትየው ጠይቆት አያውቅም። ከጠየቀ ያውቃል፤ ካወቀ ደግሞ ወሬው ይበላሽበታል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዳኛው፣ «ና እስቲ ቤት ድረስ፤ ሱሪዎቼ ሁሉ ጠበቡ፣ እያቸው» አለው።

«ሱሪዎቹ እንኳ ባሉበት ናቸው፣ ክቡር ዳኛ።»

«አንተ ደግሞ! ዝም ብለህ ና።»

ዳኛው የሚኖረው አንድ ረጅም ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ውስጥ ገቡ፤ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ አንዴ ተንገጫግጮ በአምስተኛውና በስድስተኛው መካከል ቀጥ አለ። መብራቱ ደበዘዘ። ዳኛው ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ተጫነ፤ ውጭ የአደጋ ደወሉ ጮኸ። በዘመኑ በሁለት መስመር ፍርድ ሰው ላይ ለዓመታት በር ይዘጋ የነበረው ዳኛ፣ አሁን ገና ሳይቆይ ኮሌታውን እየጎተተ አየር ይለምን ጀመር። ለልጁ ደወለ፤ አይነሳም። ደግሞ ደወለ።

«ቀዶ ጥገና ላይ ይሆናል» አለ ልብስ ሰፊው ሊያጽናናው።

«ዛሬ ዕረፍቱ ነው» አለ ዳኛው፤ ወዲያው ግን እንዲህ በማለቱ ተናደደ።

ጥቂት እንደቆዩ ከበሩ ውጭ ኮቴ ተሰማ፤ ቀጥሎም ድምፅ።

«ሰላም ናችሁ? አይዟችሁ፣ ቴክኒሻኑ ነኝ። ስንት ናችሁ?»

ልብስ ሰፊው ጆሮውን ወደ በሩ አስጠጋ። በአዋቂ ሰው ወፍራም ድምፅ ውስጥ፣ ድሮ የስፌት መኪናው ሥር እየዳኸ ክር የሚለቅመውን ልጅ ሰማ።

«ሁለት…» አለ ሳያስበው።

ውጭ አንድ ብረት ወለሉ ላይ ወደቀ። ከዚያ ድምፁ ተመለሰ፤ የተረጋጋ፣ ጨዋ፣ እንግዳ።

«ሁለት። ጥሩ። በሩን እንዳትነኩት። የሞተሩ ክፍል ቁልፍ ዘበኛው ጋ ነው፤ ይዞ እስኪመጣ እዚሁ ነኝ። ቁልፉ እንደመጣ ላይ ወጥቼ ፍሬኑን በእጅ እለቀውና ቀስ አድርጌ አወርዳችኋለሁ።»

«አየር የለም!» አለ ዳኛው።

«አለ፣ ጋሼ፤ ከላይ ይገባል። እስኪ ስለ ልጆቻችሁ አጫውቱኝ። እኔ የታሰረን ሰው ሁሉ ይህንኑ ነው የምጠይቀው። ሰው ስለ ልጁ ሲያወራ ጭንቀቱን ይረሳል።»

«የኔ ልጅ… ሐኪም ነው… ስልክ አያነሳም» አለ ዳኛው፣ ቃል በቃል እየተነፈሰ። ከዚያም የወዳጁን ክንድ ጨበጠ። «አንተ ንገረው እንጂ! ስለ ኢንጂነሩ ንገረው! ትሰማለህ አንተ ልጅ? የዚህ ሰው ልጅ እንዲህ ያለ ሕንፃ ሃያ ይቆጣጠራል!»

ልብስ ሰፊው የዳኛውን እጅጌ ጎተተ።

«ሃያ?» አለ ድምፁ። «ታድለዋል፣ አባት። ይጠይቅዎታል?»

«እ… እሁድ እሁድ።»

«ሥራው እንዲህ በዝቶበት እሁድ ይመጣል? ይወድዎታል ማለት ነው። እርስዎስ ሲመጣ ምን ይሉታል?»

«ደግሞ መጣህ ነው የምለው።»

«እንደዚህ ነው እንዴ የምትቀበለው?» አለ ዳኛው ተገርሞ፤ የራሱን ፍርሃት ለቅጽበት ረስቶ።

«ነገስ? ይመጣ ይመስልዎታል?» አለ ድምፁ።

ይህኛው ጥያቄ ጭንቀት ለማስረሳት የተጠየቀ አልነበረም። ልብስ ሰፊው ገባው። አፉን ከፈተ፤ ዳኛው አጠገቡ ነው፣ ሻይ ቤቱ ሰኞ ይጠብቀዋል፣ ሃያው ሕንፃ ጭንቅላቱ ላይ ቆሟል። አፉን መልሶ ዘጋው። ውጭ የዘበኛው ሩጫ ተሰማ፤ ቁልፍ ተንሿሿ፤ የሚያውቀው እርምጃ ደረጃውን እየወጣ ራቀ።

የሊፍቱ ሳጥን በስንዝር በስንዝር ወረደ። ከላይ አንድ ሰው በእጁ እየለቀቀ፣ እየያዘ፣ እየለቀቀ። ልብስ ሰፊው ያን እጅ ያውቀዋል፤ መጀመሪያ መርፌ ያስያዘው፣ ኋላም ከመርፌ የነጠቀው እሱ ነው። ሳጥኑ ቆመ፤ ኮቴው ደረጃውን ወርዶ መጣና በሩ ተከፈተ። ልጁ በቱታው ቆሟል፤ ቅባቱ እስከ ክርኑ ደርሷል።

«ቀስ ብላችሁ ውጡ» አለ፣ አባቱን ሳያይ።

ዳኛው እግሩ ወለል ከመንካቱ ዳኝነቱ ተመለሰለት። በፍርሃቱ ያፈረ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠላው ፍርሃቱን ያየበትን ነው።

«እስካሁን የት ነበርክ? ልጅ ልጅ እያልክ ታዘባርቃለህ! ማነው አንተን የቀጠረህ? እንዲህ ያለ ቅባታም መሃይም ላይ ነው ነፍሳችን የተንጠለጠለው?» ወደ ወዳጁ ዞረ። «ደውል እስኪ ለኢንጂነሩ! አሁኑኑ ደውልለት! ዛሬውኑ ያባርረው!»

ልጁ መፍቻውን ይዞ ቆመ። አሁን አባቱን ያየው ነበር፤ ሳይቆጣ፣ ሳይለምን፣ ሚዛን ላይ ዕቃ አስቀምጦ መርፌው የት እንደሚያርፍ እንደሚጠብቅ ሰው።

እዚህ ላይ እውነትን የሚወድ አባት ቢሆን ኖሮ እውነቱን ይናገር ነበር፤ እኛም እናደንቀው ነበር። ልብስ ሰፊው ግን እውነት አልነበረም የቆጠቆጠው። «መሃይም» የምትለዋ ቃል ናት። ልጁን መሃይም የማለት መብት የሱ ብቻ ነበር፤ ስንት ዓመት የተጠቀመበትን መብቱን ይህ ቦርጫም ነጠቀው። ደሙ ፈላ። አፉ ግን አሁንም አልታዘዝ አለው። ስለዚህ ስልኩን አወጣና ደወለ።

የቴክኒሻኑ ቱታ ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ።

ዳኛው ኪሱን አየ፤ ልብስ ሰፊውን አየ። ልጁ ቅባታም እጁን ጭኑ ላይ ጠርጎ ስልኩን አነሳ።

«አቤት አባባ።»

«የት ነህ?» አለ ልብስ ሰፊው በስልኩ። በስልክ ቀለለው።

«ፊትህ ነኝ።»

«አንድ ሰው ሰደበህ።»

«ሰማሁት።»

«ቆይ፣ ልንገረው» አለና ስልኩን ሳይዘጋ ወደ ዳኛው ዞረ። «አንተ!» አለው። በሠላሳ ዓመት የመጀመሪያዋ «አንተ» ነበረች። «ልጄ ነው! ኢንጂነር አይደለም፤ ሊፍት ጠጋኝ ነው! ያንተ ልጅ ስልክ እንኳ ሳያነሳ የኔው ከዚያ ጉድጓድ አወጣህ! ሱሪህንም ሌላ ሰው ያስፋልህ!»

«ሃያ ሕንፃ አላልከኝም?» አለ ዳኛው። ከስድቡ ሁሉ ይልቅ የቆጨው ሃያው ሕንፃ ነበር፤ ስንት ቀን በቅናት ሻይ አቀዝቅዞበታል።

«አልኩህ!» አለ ልብስ ሰፊው እንደ ትልቅ ጀብድ።

ዳኛው «ሰኞ ሻይ ቤት እንገናኝ» ብሎ ደረጃውን ተያያዘው። ይህ ማለት ሰኞ ሻይ ቤቱ በሙሉ ያውቃል ማለት ነው። ሊፍቱን ዞሮም አላየው።

አባትና ልጅም በደረጃ ወረዱ። ልብስ ሰፊው የመሣሪያውን ቦርሳ ቀምቶ ተሸከመ፤ ከበደው፤ አልሰጥም አለ።

«ሃያ ሕንፃ?» አለ ልጁ።

«ዳኛው ነው የጨመረው።»

«አንተ ስንት ብለህ ነበር?»

«አሥራ ስምንት።»

ልጁ ሊስቅ ዳድቶት ተወው። አንድ ፎቅ ወረዱ።

«ክጄሃለሁ እንዴ?» አለ አባትየው፣ ትንፋሽ እያጠረው።

«በሩ ተዘግቶ ሳለ ክደኸኛል። ሲከፈት መለስከኝ።»

«እና ነገ?»

«እማማ ትጠብቀኛለች፤ እመጣለሁ። ግን እንደተለመደው 'ደግሞ መጣህ' ብትለኝ ከበሩ እመለሳለሁ።»

«ታዲያ ምን ልበልህ?»

«አስብበት። ሌሊቱ ረጅም ነው።»

ምድር ቤት ሲደርሱ ዘበኛው ከወንበሩ ተነሳ። ልጁን ከተቀጠረ ጀምሮ ያውቀዋል፤ የሞተሩን ክፍል ቁልፍ ዘወትር የሚያቀብለውም እሱ ነው።

«እንኳን በደኅና ወጡ፣ አባቴ!»

ልብስ ሰፊው ቦርሳውን መሬት ላይ አኖረ፤ ወገቡን ቀና አደረገ፤ ደረቱን ነፋ። ልጁ አስቀድሞ ዓይኑን ጨፈነ።

«ልጄ ነው እኮ!» አለ። «የዚህን ከተማ ሊፍት በሙሉ የሚቆጣጠረው እሱ ነው!»

«ሦስት ሕንፃ ነው፣ አባባ» አለ ልጁ።

«ለጊዜው ነው» አለ ልብስ ሰፊው ለዘበኛው።