የማን ክዳን፣ የማን ቫልቭ

ጋምቤላ የቧንቧ ሠራተኛ ሆኜ የተቀጠርኩ ዕለት አለቃዬ የቧንቧ መፍቻና አንድ መመሪያ ሰጡኝ። «ያለ ደብዳቤ አንዲት ብሎን እንዳታዞር!» ከሰዓት በኋላ ገበያው ዳር ዋናው መስመር ፈነዳ። መፍቻዬን ታቅፌ ደብዳቤው እስኪፈረም ሦስት ቀን ቆምኩ። በዚያ ሰሞን ባሮ የሞላው በዝናብ ነው የሚሏችሁን አትመኑ፤ በእኛ መስመር ነው።

መንግሥት እንዲህ ሲያጠጣን ከርሞ «የግል ይሻላል» ተባለና መስመሩ ለአንድ ድርጅት በውል ተሰጠ። ባልደረባዬ ኦኬሎ ወደ ድርጅቱ ተዛወረ፤ እኔ መንግሥት ጋ ቀረሁ። ለእሱ ሰማያዊ ቱታ ተሰጠው፤ ከንጽሕናው የተነሳ የወባ ትንኝ እንኳ ሳታስፈቅድ አታርፍበትም። አልዋሽም፣ ድርጅቱ የፈነዳ ቧንቧ በዕለቱ ይጠግን ነበር። ውሉ ላይ ከተጻፈ።

ውሉ ደግሞ «ቧንቧና ቫልቭ የድርጅቱ፣ ጉድጓድና ክዳን የመንግሥት» ይላል። ስለዚህ እኔ ክዳን አነሳለሁ፣ ኦኬሎ ቫልቭ ያዞራል፣ እኔ መልሼ እከድናለሁ። ለዚህችም ሁለታችን ከየአለቆቻችን ፈቃድ እንጠይቃለን። ለጋብቻ እንኳ ይህን ያህል ሽማግሌ አይላክም።

አንድ ቀን፣ ፀሐዩ አስፋልት ላይ እንቁላል በሚጠብስበት ሰዓት፣ ጤና ጣቢያው ውሃ ተቋረጠበት። ለጥገና የተዘጋውን ቫልቭ መልሶ የከፈተው አልነበረም። ሁለታችንም ደረስን። የእኔ አለቃ ስብሰባ ላይ ናቸው። የኦኬሎ አለቃ ከአዲስ አበባ በስልክ «ጥያቄዎ ተመዝግቧል፤ በቅደም ተከተል ይስተናገዳሉ» አሉት። ክዳኑን እንደ ለቅሶ ቤት ከበን ቆምን።

አዋላጇ ሲስተር አሪየት ባዶ ጀሪካን ይዛ ወጣች።

«ምጥ የያዛት ሴት አለች። እጄን የምታጠብበት ውሃ የለኝም። እናንተ ሰዎች፣ ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ፈቃድ» አልኳት።

«ክዳኑ የእሱ ነው» አለ ኦኬሎ ወደ እኔ እየጠቆመ።

«ቫልቩ የእሱ ነው» አልኩ እኔም።

«ጎበዞች! ልጁስ? ፈቃድ እስኪመጣ አትውጣ ልበለው?»

ጀሪካኗን ጣል አድርጋ ክዳኑን መታገል ጀመረች። ያን ጊዜ አፈርኩና አነሳሁት። ኦኬሎ ከነንጹሕ ቱታው ጭቃው ውስጥ ዘለለ። መፍቻ ረስቶ ስለመጣ የእኔን ወሰደ። የመንግሥት መፍቻ የድርጅትን ቫልቭ አዞረ፤ ሰማይ ግን አልወደቀም። ውሃው እየተንፏፏ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴትየዋ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ፣ ድምፅዋ ኢታንግ ድረስ የሚሰማ።

በማግስቱ ለእኔም ለኦኬሎም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰን። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በየሪፖርታቸው ውሃው «በተጠናከረ አመራራችን» መለቀቁን ገለጹ። ክዳኑን ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ ምስክር ነኝ፤ ከሁለቱ አመራር አንዱም ጉድጓዱ ጋ አልነበረም።

ስለዚህ «የመንግሥት ይሻላል ወይስ የግል?» ለምትሉኝ ወጣት ባልደረቦቼ መልሴ አጭር ነው። ቫልቩ አጠገብ የቆመው ሠራተኛ የመክፈት ሥልጣን ከሌለው፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን ውሃ አይመጣም።