የቶሎሳ ክራንቻ

ባለፈው ሳምንት ወደ ሱሉልታ ስሄድ፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ዓይኗን ጨፍና ታነበንባለች። «የወተት ጥርስ ሃያ፣ ቋሚ ጥርስ ሠላሳ ሁለት። ከሰውነት ሁሉ ጠንካራው ኢናሜል፤ አንዴ ከተበላ አይተካም...» ለጥርስ ሕክምና መግቢያ ፈተና እየተዘጋጀች ነበር። የእኔም ከንፈር ሳላዘው አብሯት መንቀሳቀስ ጀመረ።

በንጉሡ ዘመን እዚያው ሱሉልታ አስተማሪ ሳለሁ እኔም ይህንኑ አነበንብ ነበር። የጥርስ ሐኪም ረዳቶችን ለሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ልፈተን ክረምቱን ሙሉ ከመጽሐፍ ጋር ተቆለፍኩ። ባልደረቦቼ ትምህርት ሲዘጋ ወደየወገናቸው ሄደዋል፤ የእኔ ወገን ደሴ ነው፣ ለመንገዱም አቅም አልነበረኝ። ሜዳው ላይ ውሃ ተኝቷል፣ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፣ ቀኑን ሙሉ የሚሰማኝ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው። ምላሴን ጥርሶቼ ላይ እያስኬድኩ «የፊት፣ የፊት፣ ክራንቻ፣ መንጋጋ» እላለሁ። ጠያቂዋም መላሿም እኔው ነበርኩ። ብቸኝነት ሰውን ከገዛ አፉ ጋር ያጫውታል።

የሰው ለዛ የማገኘው ከአከራዬ ከአዴ ድንቄ ነበር። ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ፣ በደህና አደርሽ?» ብላ ትኩስ ወተት ታቀብለኛለች፤ እኔም ገና ዓመት ያልሞላውን ልጇን ቶሎሳን አቅፌ አጫውታለሁ።

ለፈተናው አንድ ቀን ሲቀረው ቶሎሳን ተቅማጥ ያዘው። አዴ ድንቄ ከንፈሩን ገልጣ አሳየችኝ፤ በክራንቻው ቦታ ድዱ ነጣ ብሎ አብጧል።

«የውሻ ጥርስ ነው የሚያስቀምጠው» አለችኝ። «ነገ ጥርስ አውጪዋ መጥታ ድዱን በጥታ ታወጣለታለች።»

ክው አልኩ። ሮጬ መጽሐፌን አመጣሁ። «ማሎ፣ እባክሽ አዴ ድንቄ፣ ይህ እኮ በሽታ አይደለም፤ ገና ያልወጣ ክራንቻ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲሆነው ራሱ ይወጣል። ቢበጡት ያመረቅዛል፤ ከሥሩ የሚበቅለውን ቋሚ ጥርስም ሊያበላሹበት ይችላሉ። ተቅማጡን ሐኪም ይየው፤ ነገ ለፈተናዬ ከተማ ስወርድ አብረን በአውቶቡስ እንሂድ።»

የመጽሐፉን ሥዕል ረጋ ብላ አየችው። አልተቆጣችም።

«ሦስት ቀብሬያለሁ» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንቺ ስንት ወለድሽ?»

መጽሐፌን ዘጋሁት።

በነጋታው እንጦጦን ብቻዬን ተሻገርኩ። ከፈተናው ጥያቄዎች አንዱ የወተት ክራንቻ መቼ እንደሚወጣ ይጠይቅ ነበር። በትክክል መለስኩ። ስጽፍ ግን እንባዬ ቀደመኝ፤ በዚያች ሰዓት የቶሎሳን እጅና እግር ጥርቅም አድርገው እንደያዙት አውቅ ነበር።

አመሻሽ ላይ ስመለስ ድዱ ቆስሎ እናቱ ጀርባ ላይ ተኝቷል። ቁስሉ እንዳያመረቅዝ እየፈራሁ ሰነበትኩ። ደግነቱ ቁስሉም ደረቀ፣ ተቅማጡም ቆመ። ብዙ ጊዜ በራሱ የሚቆም ነገር መሆኑን ብናገር ማን ይሰማኛል? አዴ ድንቄ ደስታዋን አልቻለችውም።

«አየሽ? ዳነ እኮ!» አለችና ለደስታው ከሠራችው ጭኮ በትልቁ ቆርሳ አጎረሰችኝ።

ጎረስኩ። በመዳኑ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንደዚያን ቀን ግን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። ከእንግዲህ በመንደሩ ለሚታመም ሕፃን ሁሉ ምስክሩ የቶሎሳ መዳን ነው፤ የእኔ መጽሐፍ ደግሞ ውሸታም ሆኖ ቀረ።

ፈተናውን አለፍኩ፣ ዕድሜዬንም በጥርስ ክፍል ጨረስኩ። ያንኑ የአዴ ድንቄን «ዳነ እኮ» ከስንት እናት አፍ ሰማሁት።

ተማሪዋ ዓይኗን ስትገልጥ ጠየቅኋት። «ልጄ፣ የልጇን ክራንቻ ያስወጣች እናት ‹ዳነልኝ› ብትልሽ ምን ትመልሺላታለሽ?»

«እማማ፣ እሱ እንኳን ፈተና ላይ አይመጣም።»

እውነቷን ነው፤ በእኔም ፈተና ላይ አልመጣም። መልሱን ግን ይኸው እስከ ዛሬ ብቻዬን አጠናለሁ።