በበረዶው ቀን የጻፍኩት ወረቀት

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ብሔራዊ ውትድርና በተጀመረ ሰሞን፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ያልረሳሁት፣ ጻፊ የተባልኩትን ትቼ ያየሁትን የጻፍኩበት ቀን ስለሆነ ነው።

ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር የችግኝ ጣቢያ ነበር። የተራቆቱት ተራሮች በዛፍ ይሸፈኑ የሚል መመሪያ ወጥቶ፣ በፕላስቲክ አፈር የሚሞሉና ውኃ የሚያጠጡ ሴቶች በቀን ሥራ ተቀጠሩ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ስለነበር ስም ጠሪና ጸሐፊ ሆንኩ።

ችግኞቹ በሣር የተከደነ ዳስ ነበራቸው። የሴቶቹ ልጆች ግን ምንም አልነበራቸውም። እናቶቹ አዝለው ይሠራሉ፤ ሲደክማቸው አጥሩ ሥር ያስተኟቸዋል። ለልጆቹም ዳስ ይሠራ ብለን ብንጠይቅ፣ የሠራተኞቹ አለቃ የነበረው ካቦ ሣሩ የመጣው ለችግኝ ነው ብሎ ከለከለን። እትዬ ውዴ የሚባሉ አንጋፋ ሠራተኛ ወደ ጽድ ችግኙ መደብ እያሳዩ፣ “የእሱ ልጆች እነዚያ ናቸው” ይሉን ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። ካቦው ከዳሱ ውጭ ያሉትን ችግኞች በጆንያ ሸፍኑ ብሎ አዘዘ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ወደዚያው ሮጡ። ዘይነባ ብቻ ወደ አጥሩ ሮጠች። የሦስት ወር ልጇን እዚያ አስተኝታው ነበር። ባሏ ዘምቷል፤ ከዚህ ሥራ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም።

ልጇን አንስታ የችግኙ ዳስ ውስጥ ገባች። ዳሱ ዝቅ ያለ ስለነበር መደቡ ላይ ተደፍታ ሕፃኑን በሰውነቷ ከለለችው። በረዶው ሲያባራ አንድ መደብ ችግኝ ከሥሯ ተጨፍልቆ ነበር። ሕፃኑ ግንባሩ ላይ አብጧል እንጂ ደህና ነበር።

ካቦው እዚያው አሰናበታት። ለእኔም ወረቀት አቀብሎኝ፣ በቸልተኝነት የሕዝብ ንብረት አጥፍታለች ብለሽ ጻፊ አለኝ። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለው ቃል እስር ቤት ሊያደርስ ይችል ነበር።

እስክሪብቶውን አነሳሁ። ከዚያ በረዶው የወረደበትን ሰዓት፣ የዳሱን ዝቅታ፣ ሕፃኑ ተኝቶ የነበረበትን ቦታ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ፣ ችግኙ መጠለያ ነበረው፤ ሕፃኑ አልነበረውም ብዬ ጨመርኩና አነበብኩለት።

“ይሄ አድማ ነው” አለኝ።

“የሆነውን ነው የጻፍኩት። ያልሆነ ካለበት ይንገሩኝና ልሰርዝ።”

ካቦው አልፈርምም ሲል እኔ ፈረምኩ። እትዬ ውዴ መጡና የጣት ቀለም እንደሌለ ሲነገራቸው፣ “ጭቃ መች አጣን” ብለው አውራ ጣታቸውን ከስሜ ሥር አሳረፉ። ሌሎቹም ተራ በተራ ተከተሉ።

በማግስቱ ወረቀቱን ይዤ ከተማ ወዳለው የጣቢያው ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ የሠራተኛ ሕጉ ለቋሚዎች እንጂ ለቀን ሠራተኞች እንዳልሆነ ነገረኝ።

“ጓድ፣ ዛፉን የሚያበቅሉት እነሱ ናቸው” አልኩት። “ሕጉ ካላወቃቸው እርስዎ ይወቋቸው።”

ጉዳዩ አልቋል ለማለት ፊቱን ወደ ሌላ ወረቀት መለሰ። አልወጣሁም። እዚያው ቆሜ ጠበቅሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ዘይነባ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፣ ለልጆቹም ዳስ እንዲሠራ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጽፎ ማኅተም መታበት።

በሚቀጥለው ዓመት ሠራተኛ ሲቀጠር የእኔ ስም አልነበረም። ምክንያቱን አልጠየቅሁም። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ የልጆቹን ዳስ አየሁት። ደጃፉ ላይ የሕፃን ጨርቅ ተዘርግቷል። ካቦው ራሱ ቆሞ የጣሪያውን ሣር ያስተካክላል። አየኝ፤ አየሁት። መንገዴን ቀጠልኩ።

አሁን አርጅቻለሁ። ጋራው ጽድ ለብሷል፤ መንገደኛው ሁሉ ያደንቀዋል። እኔ ሳየው ትዝ የሚለኝ ያ የተጨፈለቀ መደብ ነው። ሥራ በማጣቴ የተቸገርኩበት ጊዜ ነበር። ወረቀቱን በመጻፌ ግን አንድም ቀን አልተጸጸትኩም።