ልጄን ሳትፈትኑ አትጣሏት

እኔና ልጄ ከመካኒሳ የወጣነው ሲመሻሽ ነው። ጎረቤት እንዳይጠረጥር «ለሰርግ አዋሳ መሄዳችን ነው» ብለናል። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጓል፤ እኔንም «ጴንጤ አስተማሪ አንፈልግም» ብለው ከመንግሥት ትምህርት ቤት አባረውኛል። ባለቤቴ ታስሯል። ሲወስዱት ዞር ብሎ «ልጄን አስተምሪያት» ነበር ያለኝ።

በሞያሌ አድርገን ኬንያ ገባን፤ ከዚያ በአማኞች እርዳታ ምዕራብ ጀርመን። ብርዱን ተዉት! ሰዉ ደግሞ ደረጃ ላይ ቢያገኛችሁ «ደህና ናችሁ?» አይልም። አከራያችን አንድ ቀን በሩን አንኳኩታ «የሚቃጠል ነገር አለ?» አለችኝ። «የለም፣ ቁሌት ነው» ብላት ቁሌት ወንጀል መስሏት መስኮቱን ሁሉ በርግዳ ሄደች።

ልጄ ምሕረት ግን ትምህርቱን ወደደችው። እኔ አገሬ በፈረቃ፣ ሰባ ልጅ አጨናንቄ ነበር የማስተምረው፤ እዚህ ሁሉም የራሱ ወንበር አለው። አራተኛ ክፍልን ልትጨርስ ስትል አስተማሪዋ ጠራችኝ። ለካ እዚህ ልጆች የሚለዩት በዚህ ዕድሜ ነው! ገሚሱ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ ጊምናዚዩም፣ ገሚሱ ቶሎ ወደ ሥራ የሚያወጣ ሀውፕትሹለ ይገባል።

«ቋንቋው ስለሚከብዳት ሀውፕትሹለ ይሻላታል» አለችኝ።

«አሥር ዓመቷ እኮ ነው! እኛ አገር ሚኒስትሪ አለ፣ ማትሪክ አለ። ልጅ ተፈትኖ ካልወደቀ በር አይዘጋበትም።»

«ማትሪኩን ስንቱ ያልፋል?»

«ጥቂት ነው» አልኳት። «ግን የወደቀው ተፈትኖ ነው። ልጄን ሳትፈትኑ አትጣሏት።» እንባዬ ቀደመኝ።

ክፉ ሴት አልነበረችም። «ጌዛምትሹለ የሚባል አለ፤ ሁሉም አብረው ይማራሉ፣ የሚለዩት ቆይተው ነው» አለችኝ። እዚያው ድረስ ይዛኝ ሄደች። ርዕሰ መምህሩ «ቦታ የለም» ሲላት «ወንበር የጎደለ እንደሆነ ከእኔ ክፍል አመጣለሁ!» አለችው። ሳይወድ ሳቀና ምሕረትን ተቀበላት።

የዚያን ሳምንት አገር ቤት ደወልኩ፤ እናቴ ስልክ ያለው ጎረቤት ቤት ተጠርታ መጣችልኝ።

«እማዬ፣ ምሕረት ጥሩ ትምህርት ቤት ገባች።»

«ተመስገን! ተመስገን!»

«እሱስ?» አልኳት፣ ባለቤቴን ማለቴ ነው።

«አለ። ትናንትም ስንቁን ተቀብለውኛል።» ስንቅ እስከተቀበሉ ድረስ ሰውየው በሕይወት አለ ማለት ነው።

«ትምህርት ቤት መግባቷን ንገሪልኝ።»

«ልጄ፣ ሰሃኑን ያስገቡታል እንጂ እኔን መች ያስገቡኛል?»

ከጎኔ ምሕረት «እኔ ልንገረው፣ አባባን አቅርቢልኝ» እያለች እጄን ትጎትታለች።