መስኮቱም፣ የእትዬ አስቴር ፊትም

ንጋት፣ ኪሊማኒ

ጎህ ሲቀድ ከአክስቴ ልጅ አፓርታማ ስወጣ የግቢው ዘበኛ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ በሩን ከፈተልኝ። ናይሮቢ በሐምሌ እንዲህ እንደምትበርድ የነገረኝ የለም። "ኬንያ ሙቀት ነው፣ ጃኬት ለምን ትሸከማለህ?" ያሉኝን የአዲስ አበባ ጓደኞቼን እያማሁ፣ ካሜራዬን፣ ባለሦስት እግሩን ማቆሚያና ላፕቶፔን ይዤ ወደ ሁርሊንግሃም በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። መንገድ ዳር ማንዳዚ የሚሉትን ቦንቦሊኖ መሳይ የምትጠብስ ሴት አለች፤ ሁለት ገዝቼ እጄን አሞቅኩባቸው።

የመጣሁበትን ልንገራችሁ። ኤችዲአር የሚባለውን ፎቶ የሚሠሩ ሦስት ፕሮግራሞችን ላወዳድርላችሁ ቃል ገብቻለሁ። ዓይናችን ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ ሆኖ መስኮቱንም፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠውንም ሰው ያያል። ካሜራ ግን አንዱን ሲያነሳ ሌላውን ይጥላል። ስለዚህ ያንኑ ነገር አንዴ አጨልሞ፣ አንዴ በመካከለኛ ብርሃን፣ አንዴ አብርቶ ማንሳት ነው፤ ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ፕሮግራሙ ነው። እኔ ያሰብኩት የናይሮቢን ፎቆች ላነሳ ነበር።

ትናንት ማታ ግን እራት የበላሁበት የሐበሻ ምግብ ቤት ባለቤት፣ ጋሽ ታምራት፣ ካሜራዬን ሲያዩ ሌላ ሥራ ሰጡኝ። ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ እይታቸውን ከዳር ወደ መሐል እያጠበበባቸው ነው። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም ተብለዋል።

"በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት በለው" አሉኝ። "ሚስቴ አስቴር ቀኑን ሙሉ ሂሳብ መቀበያው ጋ፣ ለመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትውለው። ከሩቅ ሳያት ብርሃኑ ጥቁር ያደርጋታል። ጠጋ ስል ደግሞ ወይ አፍንጫዋን ነው የማየው፣ ወይ ጉንጯን። ሙሉ አስቴርን ካየሁ ቆየሁ። አንስተህ መዳፍ በምታክል ወረቀት አድርገህ ስጠኝ፤ ቀዳዳዬ ውስጥ ትገባልኛለች።"

እምቢ የምልበት አፍ ከየት ይመጣል?

ጠዋት፣ ሁርሊንግሃም

ምግብ ቤቱ ገና አልተከፈተም። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፣ ከወጥ ቤት የሽንኩርት ቁሌት ይሸታል፣ በመስኮቱ የሞተር ሳይክል ነጂዎች ተሰልፈው ደንበኛ ሲጠብቁ ይታያሉ። እትዬ አስቴር ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ሦስቱ ፎቶ እስኪነሳ እንዳይነቃነቁ ለመንኳቸው።

"ሳዋ፣ ሳዋ፣ እሺ፣ ድንጋይ ነኝ" አሉ። ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። ቀጥሎ ቲማቲም አቅራቢው በሩን አንኳኳ። እኚህን ሴት አንድ ቦታ ከማቆም የናይሮቢን ታክሲ፣ ማታቱን፣ ማቆም ይቀላል። በስንት ልመና ፎቶውን ተነሱልኝ፤ ቀኝ እጃቸው ግን እስከ መጨረሻው አላረፈም።

ላፕቶፑን ፉል ከቀረበልኝ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። የመጀመሪያው ፕሮግራም ቀለም ይወዳል። የግድግዳውን ቢጫ የማንጎ ጭማቂ አደረገው፤ በእትዬ አስቴር ራስ ዙሪያ ደግሞ ነጭ ክብ አወጣ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጨለማና ብርሃን ሲገናኙ ፕሮግራሙ የሚፈጥረው ስህተት ነው። አክሊል ይሉታል።"

"አክሊል! እኔ ጴንጤዋ ሴትዮ? በል ቶሎ አውልቅልኝ፣ የጸሎት ቡድኑ ሳይመጣ!"

ሁለተኛው ጠንቃቃ ነው። በሦስቱ ፎቶዎች መካከል የተነቃነቀ ነገር እንደ ጥላ ይደራረባል፤ በሙያው ቋንቋ መንፈስ ይባላል፤ ይህ ፕሮግራም ደግሞ መንፈስ የሚያስወጣ ቁልፍ አለው። ይህን ሳስረዳ ወንበሮቹን የሚያወርዱት ጋሽ ታምራት ሳቃቸው መጣ።

"እኛ ስንት ቀን የምንጾምበትን በአንድ ቁልፍ?"

ተጫንኩት። መንፈሱ ወጣ፤ የእትዬ አስቴር ቀኝ እጅም አብሮ ሄደ።

"ኧረ መልስልኝ! ሂሳብ የምቀበልበት እጄ ነው!"

ሦስተኛው ዝምተኛ ነው። አያጋንንም፣ አይቆርጥም። መስኮቱ ከነሞተር ሳይክሎቹ፣ ፊታቸውም ከነሙሉ ገጽታው ወጣ። ሽበቱም፣ ከዓይናቸው ሥር ያለው መስመርም፣ የአፋቸው ዳር ድካምም አልቀረ። እትዬ አስቴር አዩት፤ ሳቃቸው ቆመ። ጥቂት ቆይተው ወጥ ቤት ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ታምራት ደህና አድርጎ ካየኝ ዓመታት አለፉ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እሱ የሚያውቀው የያኔዋን አስቴር ነው። ነገ ዓይኑ ቢጨልም መጨረሻ ያየው ይሄን ሽበት ይሁን? ማለስለስ አይችልም ይሄ ነገር?"

"ይችላል" አልኳቸው፤ ምነው አይችልም ባልኩ። "አደራህን" ብለው ወደ ድስታቸው ዞሩ።

አንዱን ማስተካከያ ወደ ግራ ስስበው መስመሮቹ ጠፉ፤ ሽበቱንም አጠቆርኩት። እውነቱን ልናገር፣ ሴትዮዋ አማሩ፤ ሌላ ሰውም ሆኑ።

ቀትር፣ መሃል ከተማ

ማታቱው ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፤ ሙዚቃው ደረት ይደልቃል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ታኦ! ታኦ!" ይላል፣ መሃል ከተማ ማለቱ ነው። ማቆሚያዬን ጉልበቴ መሐል አጣብቄ ተቀመጥኩ። ካፊያ ስለጀመረ ታሪፉም ከፍ ብሏል።

ፎቶ ማተሚያ ቤቱ ከአንድ ጠባብ የገበያ መተላለፊያ ውስጥ ነው። አታሚው ሁለቱን ፎቶዎች እያየ "የትኛውን ነው?" አለኝ። የፕሮግራሞቹ ውድድር ለእኔ አልቋል፦ የመጀመሪያው ለሆቴል ማስታወቂያ፣ ሁለተኛው ሰው ለሌለበት ቤት፣ ሦስተኛው ለሰው። ይህኛው ጥያቄ ግን ከየትኛውም ፕሮግራም በላይ ነው። አንዱ የባል ልመና ነው፣ አንዱ የሚስት አደራ፤ እኔ ደግሞ ትናንት የመጣሁ እንግዳ ነኝ። ፈራሁ። ሁለቱንም አሳተምኩና የተለሰለሰውን ከላይ አድርጌ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ እንደገና ሁርሊንግሃም

ስደርስ የምሳ ደንበኛው ሄዷል፤ ካፊያውም ዝናብ ሆኗል። ፖስታውን ለእትዬ አስቴር ሰጠኋቸው። ከላይ ያለውን መዘው፣ አየት አድርገው፣ ለባላቸው አቀበሉ።

ጋሽ ታምራት ብርሃን ወዳለበት በር ሄደው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

"ማናት ይቺ?"

"እኔ ነኛ!"

"አንቺማ ትናንት ደረጃ ስትወጪ ጉልበቴን ጉልበቴን ስትዪ አልነበር? ይቺ ልጅ ጉልበቷን የሚያማት አትመስልም። ዛሬ ጠዋት የተነሳሽውን አምጪልኝ።"

እትዬ አስቴር እኔን አዩኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ሁለተኛውን ከፖስታው አወጡ፤ ምንም ሳይነካው በሽርጣቸው ጠረጉትና ሰጧቸው።

ጋሽ ታምራት ወረቀቱን ቀስ እያደረጉ ከፀጉር ወደ ዓይን፣ ከዓይን ወደ አፍ አመጡት፤ ከዚያም ሙሉ ፊቱ እስኪገባላቸው ትንሽ አራቁት። እትዬ አስቴር የሽርጣቸውን ጫፍ ጨብጠው ቆመዋል።

"አስቱ" አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን ከፎቶው ሳያነሱ፤ "ብቻዬን ያረጀሁ መስሎኝ ነበር እኮ።"