ለወንዛዬ የቋጠርኩት ጓዝ

መንገድ ስሄድ ጓዜ ጥቂት ናት። በጨርቅ የተጠቀለለች ሳሙና፣ ሚዶ፣ መፋቂያና ቅያሪ ነጠላ፤ ሌላ የለም። ዘመዶቼ ይህን አይተው ይስቁብኛል፤ ውሃ ልትቀጂ የወጣሽ ነው የምትመስይው ይሉኛል። ጭምትነት የሚመስላቸውም አሉ። እኔ ጭምት ሆኜ አላውቅም፤ ምላሴ ረጅም ነው፣ ቁጣዬም ቅርብ ነው። ጓዜን የማሳንሰው በወጣትነቴ አንድ ጊዜ ሰው ጓዝ ስላበዛልኝ ነው።

ያን ጊዜ ቁሐር ሚካኤል ባለትዳር ነበርኩ። አባቴ ቄስ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደሉንም ዳዊቱንም እኔኑ አስተማሩኝ፤ አስተምረው ሲያበቁ ግን ዳዊት መድገሜን ትቶ ጋን ማጠቤን ለሚመለከት ቤት ዳሩኝ። አልተቀየምኳቸውም፤ ቤቱ የደህና ገበሬ ቤት ነበር። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት ከብቱን ወደ ደረቁ መሬት እናወጣለን፤ ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ሳይደርቅ ጓያና ሽምብራ እንዘራለን። በረቱ ውስጥ በየዓመቱ ጥጃ ይወለዳል። በእኔ በኩል ግን የሚወለድ ጠፋ።

መጀመሪያ ሰሞን ማንም አልተናገረ። ቆይቶ ግን ሰዉ ሁሉ ሰላምታውን ከሆዴ ይጀምር ጀመር። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ከወንዝ ስመለስ፣ አስቀድመው ወደ ሆዴ ያያሉ፤ እንደምን ዋልሽ የሚሉኝ ከዚያ በኋላ ነው። ባሌ ምንም አይልም ነበር። እወደው ስለነበር ዝምታውን በመልካም ተረጎምኩት። ሴት ልጅ የምትወደው ሰው ዝም ሲላት የማትተረጉመው ነገር የለም።

አማቴ ክፉ ሴት አልነበሩም። ስድብ ከአፋቸው አይወጣም። ጥምቀት ባለፈ ማግስት ከጎናቸው አስቀምጠውኝ ማህፀኔን ብርድ መቶት እንደሆነ፣ ወንዛዬ ወርጄ ፍል ውሃውን ሁለት ሰባት ብጠመቅ ብርዱ እንደሚወጣልኝ ነገሩኝ። የእገሌን ሚስት አወጣላት፣ የእገሌን ልጅ አወጣላት እያሉ ቆጠሩልኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ሁሉ ዓይን ለጥቂት ጊዜ ዞር ማለት ራሱ ፈውስ ነበር። ባይሳካስ የሚለውን ማንም በአፉ አላወጣውም። ሁላችንም ግን እናውቀው ነበር፤ ባይሳካ ከዚያ ቤት መውጣቴ ነው። እናቴም አባቴም በዚያን ጊዜ አርፈዋል፤ ወጥቼ የምገባበት ቤት አልነበረኝም።

ጓዜን ስቋጥር ታዲያ እንደ አሁኑ ትንሽ አደረግኩት፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር። በእኛ አገር ሴት ሙዳይ አላት። ኩሏ፣ ሚዶዋ፣ መስታወቷ፣ የቅቤ ቀንዷ፣ ለቅቤው የምትጨምረው አደስ ሁሉ ከዚያች ክዳን ካላት ስፌት ውስጥ ነው። ባልና ሚስት ሲፋቱ ከብቱና እህሉ በሽማግሌ ፊት ይካፈላል፣ ይከራከሩበታል፤ ሙዳይ ግን የሴቲቱ ነው፣ ማንም አይነካባትም። ብድግ አድርጋ ይዛው ትወጣለች። ስለዚህ ባለትዳር ሴት ዘመድ ጥየቃም ትሂድ ጠበል፣ ሙዳይዋን ከግድግዳዋ ላይ ሰቅላ ትታ ነው የምትሄደው። ቤቷን እንደያዘች ነው ማለት ነው። እኔም ሚዶዬን ብቻ አወጣሁና መልሼ ሰቀልኩት። በቋጠሮዬ ሚዶዬን፣ መፋቂያ፣ ነጠላና ባሌ ከወረታ ገበያ የገዛልኝን ሽታ ሳሙና አደረግኩ። ከስንቁ ጋር እንኳ አንድ እጅ አይሞላም ነበር።

ባሌ ከደጃፉ ቆሞ ያየኝ ነበር። መስታወትሽስ አለኝ። ፍል ውሃ ውስጥ ማንን ላይበት ነው አልኩት። ቅቤስ አለኝ። ጠበል ቅቤ እንደማይወድ ነገርኩት። ኩልሽስ ሲለኝ ሳቄ መጣ፤ ዛሬ ምን ነካህ፣ ልትድረኝ ነው ወይ አልኩት። እሱ አልሳቀም። ከብቱን የሚጠብቅ ስለሌለ እኔን ሊሸኝ እንደማይችልም የነገረኝ ያኔ ነው።

ወደ ወንዛዬ የሚሄዱ ሰዎች ከወረታ ስለሚነሡ ብቻዬን እስከዚያ ሄድኩ። ወረታ ያን ጊዜ በመኪናው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደረ ጥቂት የቆርቆሮ ቤት ነው። ከዋርካው ሥር ከሌሎቹ ጠበልተኞች ጋር ተቀምጬ መነሻችንን ስጠብቅ፣ ባሌ በሜዳው በኩል እየሮጠ መጣ። ከኩታው ሥር አንድ ነገር ደብቋል። ወንድ ልጅ የሴት ሙዳይ ይዞ በገበያ መሃል ሲሄድ መታየቱ አሳፍሮት ነው። ገልጦ ሰጠኝ። ከፈትኩት፤ መስታወቱም፣ ኩሉም፣ የቅቤ ቀንዱም፣ ከምሰሶው ላይ የማንጠለጥላቸው አምባሮቼም ሁሉ አሉበት።

«ሳያስፈልግሽ አይቀርም» አለኝ።

አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ምን ያለ ባል ነው ብለው ተገረሙ። አንዷ የእኔው ባል ብሞት እንኳ መቃብሬ ድረስ አይሮጥም ብላ አሳቀችን። እኔ ኮራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ የኮራሁበት ቀን አልነበረም። ሙዳይ ከቤት መውጣቱ በልቤ ሽው አላለም አልልም፤ ብሏል። ነገር ግን ያን ሁሉ መንገድ ለእኔ የሮጠ ሰው ክፉ አስቦ ነው ብሎ ማን ያምናል? ቀና ብዬ ሳላመሰግነው ዞሮ ሄደ። ፊቱን ያላየሁት ፀሐዩ ዓይኔን ስለወጋኝ መስሎኝ ነበር።

ወንዛዬ ጉማራ ዳር ነው። ጠዋት ጠዋት እንፋሎቱ ከሩቅ ይታያል። ጠበልተኛው ሣር ቤት ሠርቶ በመደዳ ይሰፍራል፤ ወንድ ሲወጣ ሴት ይገባል፣ ሴት ሲወጣ ወንድ። የመጀመሪያው ቀን ሳሙናዬን ይዤ ብገባ ሴቶቹ አንድ ላይ ጮኹብኝ። ለካ እንደ ጠበል ስለሚቆጠር ሳሙና አይገባበትም። የቄስ ልጅ ሆነሽ ይህን አታውቂም ወይ ተባልኩ። አባቴ ዳዊት እንጂ ስለ ሳሙና ያስተማሩኝ ነገር የለም ብዬ ስመልስ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ወዲያው አለቀ፣ እያንዳንዷም ወደ ዘመዷ ዞረች።

ብቸኝነት ምን እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ ነው። ሰው ሁሉ ከሰው ጋር ነው የመጣው። እናት ልጇን ታሻለች፣ እህት በእህቷ ራስ ላይ በቅል ታፈሳለች፣ ምራት የአማቷን ጉልበት ትይዛለች። እኔ ጀርባዬን የሚያሽልኝ ሰው አልነበረኝም። እጄ የማይደርስበት ቦታ በጀርባዬ ላይ እንዳለ እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። ከውሃው ወጥቼ ከሣር ቤቴ ደጃፍ እቀመጥና ሙዳዬን ከፍቼ መስታወቱን አያለሁ። የማናግረው ሰው ሳጣ ራሴን አናግር ነበር። ባሌን እናፍቀው ነበር፤ በጣም እናፍቀው ነበር።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት የይፋግ ቅቤ ነጋዴ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ለጉልበታቸው የመጡ ሴትዮ፣ ነይ ወዲህ ጀርባሽን ልሽልሽ አሉኝ። እጃቸው ከባድ ነው። ሲያሹኝ እንባዬ መጣ፤ በእንፋሎቱ ውስጥ ማንም አላየኝም። ከዚያ ወዲያ አብረን ገባን፣ አብረን ወጣን። ስለ ቅቤ የማያውቁት የለም፤ ስለ ባል ደግሞ ከቅቤውም ይበልጥ ያውቁ ነበር።

ሁለተኛው ሰባት ሊያልቅ ሲል አንድ የአገራችን ሰው ለራሱ ሕመም መጣና የአማቴን መልእክት አደረሰኝ። አንድ ሰባት ትጨምር፣ ውሃው እንዲዘልቃት ብለዋል አለኝ። አሳቢነታቸውን አመሰገንኩ። ሴትዮዋ አጠገቤ ተቀምጠው ሰሙ፤ ሰምተውም ሙዳዬን አዩ። ይህን ይዘሽ ነው ወይ የመጣሽ ብለው ጠየቁኝ። ባሌ እየሮጠ እንዳመጣልኝ፣ ወረታ ላይ ያሉት ሴቶች እንዴት እንደቀኑብኝ እየሳቅሁ ነገርኳቸው። እሳቸው ሳይስቁ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና እጄን ያዙ።

«ልጄ፣ ሚስቱን የሚጠብቅ ባል ቶሎ ነይ ነው የሚለው። ሙዳይ ተሸክሞ አይሮጥም።»

እጄን ነጠቅኋቸው። አሮጊት ናቸው፣ ባል የላቸውም፣ ባል ያላት ሴት አይወዱም ብዬ በልቤ ሰደብኳቸው። የዚያን ቀን ጀርባዬንም አላሳሸሁ። ከሣር ቤቴ ገብቼ ያለፉትን ነገሮች ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኩ፤ አለመሳቁን፣ አለመሸኘቱን፣ አምባሮቹን ሳይቀር ለቅሞ ማምጣቱን። ወሩም ጥር ነው፣ የሰርግ ወር። ማሰቡን ተውኩና ጓዜን ቋጠርኩ። የተጨመረልኝን ሰባት ጀመርኩት እንጂ አልጨረስኩትም።

በማግስቱ ማልጄ ተነሣሁ። መንገድ ላይ ግን ተስፋዬ ተመለሰ፤ እግር ሲራመድ ልብ ይቀላል። ጉማራን ስሻገር ከድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ በዚያ ሽታ ሳሙና ፊቴንና አንገቴን ታጠብኩ፣ ጸጉሬን አበጥሬ ቅቤውን ቀባሁ፣ በመስታወቱ እያየሁ ኩሌን ተኳልኩ፣ አምባሮቼንም አጠለቅሁ። አምሮብኝ ነበር። ውሃው ብርዱን አውጥቶልኝ እንደሆነስ ማን ያውቃል? ሴትዮዋ ለጉልበታቸው እንጂ ለትንቢት አልመጡም እያልኩ ሳቅሁ፤ ባሌ ሲያየኝ የሚለውንም እያሰብኩ ሄድኩ።

ቁሐር የደረስኩት ፀሐይ ዘወር ስትል ነው። አማቴ ከደጅ አገኙኝ። ሳሙኝ፤ ደጋግመው ሳሙኝ። እንደ ልማዴ ወደ ጓዳ ላልፍ ስል ክንዴን ይዘው ግቢ፣ ግቢ፣ ከመደቡ ላይ አረፍ በይ አሉኝ። ለእንግዳ የሚነጠፈውን አጎዛ በገዛ እጃቸው አነጠፉልኝ። በዚያ ቤት ስኖር ያን አጎዛ ሳነጥፍ እንጂ ስቀመጥበት አላስታውስም። ባሌ የት ነው ብዬ ብጠይቅ ከብት ይዞ ወርዷል አሉኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው ውሃ አምጪ አሉ።

አንዲት ልጅ ገንዳና ቅል ይዛ ወጣች። አይቻት አላውቅም። ጸጉሯ በለጋ ቅቤ ርሷል፣ የእንሶስላው ቅላት ገና ከጣቶቿ አለቀቀም። ቀሚሷ አዲስ ነው፤ ሲራመዱበት ይንኮሻኮሻል። እፊቴ ተንበርክካ ጫማዬን አወለቀችልኝ።

አማቴን አየኋቸው። መሬት መሬቱን ያያሉ። ለባለቤት እግር ውሃ አይቀርብም፤ ለእንግዳ ነው የሚቀርበው። ማንም ሂጂ አላለኝም፣ ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ አክብረው ነው ከቤቴ ያስወጡኝ። ተነሥቼ ልጩህ፣ ገንዳውን ልድፋው ብዬ ነበር። ልጅቱ ግን ምንም አታውቅም። ምን ብለው እንዳመጧት፣ እኔን ማን ናት ብለው እንደነገሯት እንጃ። ውሃውን መጀመሪያ በእጇ ነክታ እንዳያቃጥለኝ አየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየለየች ታጥበኝ ጀመር። ከይፋጓ ሴትዮ ሌላ ያን ሁሉ ጊዜ ሰው እንደዚያ አልነካኝም ነበር። ልጠላት ፈልጌ አልሆነልኝም።

ቀና ብላ አየችኝ። ልጅ ናት፤ ዓይኗ ያፍራል።

«ከሩቅ ነው የመጡት፣ እትዬ?» አለችኝ።

አዎ፣ ሩቅ ነው አልኳት። አንደኛውን እግሬን አድርቃ ስትጨርስ ሌላኛውን ዘረጋሁላት።